አየር ውሃ አይደለም፦ ስለ ኮምፕሬሰር መስመር ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ጅማ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። እኔ ጋ በአንድ ቀን ብቻ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። «ለኮምፕሬሰር መስመር ብር አታባክኑ» ይላል ርዕሱ። የኮምፕሬሰር መስመር የምንለው ኮምፕሬሰሩ የጨመቀውን አየር ወደ መሣሪያዎቹ የሚያደርሰውን ቱቦ ነው። ጸሐፊው ስማቸውን አላሰፈሩም። አጻጻፋቸው ግን የሥራ ሰው መሆናቸውን ይናገራል። የቧንቧ ሥራ ጠንቅቀው የሚያውቁ ይመስለኛል። ችግሩም የመጣው ከዚያው ነው። ስለ ውሃ የሚያውቁትን ሁሉ ወስደው አየር ላይ አዋሉት።

ጽሑፉን ላላገኛችሁ ባጭሩ ላስቀምጠው። ፒፒአር ቱቦ (ለውሃ የሚዘረጋውን ፕላስቲክ) ግዙ፣ ርካሽ ነው። ቀጭኑ ይበቃል። ከመስመሩ ውሃ ከወጣ ኮምፕሬሰሩ ተበላሽቷል። ሊክ (የሚያፈስ ቀዳዳ) ቢኖር የሚያመልጠው አየር ነው፣ አየር ደግሞ አይገዛም። ግፊት ካነሰ ጌጁን ከፍ አድርጉ፣ ማለትም ኮምፕሬሰሩ በበለጠ ግፊት እንዲሞላ አድርጉ። አሉሚኒየም የሀብታም ጌጥ ነው። መስመሩን በዓመት አንዴ ማየት ይበቃል። ማሰሪያው ደግሞ «እኔ ስድስት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፣ ምንም አልሆነም» የሚል ነው።

እኔ ጅማ ውስጥ ኮምፕሬሰር ስጠግንና መስመር ስዘረጋ ዓመታት አልፈውኛል። የእንጨት ሥራ ቤት፣ ጋራዥ፣ ጎሚስታ፣ የቡና ማበጠሪያ፣ ያልገባሁበት የለም። ከተጻፈው ውስጥ ልክ የሆነም አለ፤ ስንደርስበት እላለሁ። ሰው የሚጎዳው ግን መጀመሪያ ይምጣ።

«ፒፒአር 20 ባር ይችላል፤ ኮምፕሬሰር 8 ባር ነው። ምኑ ያስፈራል?»

ባር የግፊት መለኪያ ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው። ቱቦው ላይ «ፒኤን 20» ተብሎ ታትሟል። ግን የውሃ ቁጥር ነው። ያውም ሙቀቱ 20 ዲግሪ ለሆነ ውሃ።

የኮምፕሬሰር አየር ደግሞ ትኩስ ነው። ፒስተን ያለው ኮምፕሬሰር ከጭንቅላቱ የሚያወጣው አየር ከ100 ዲግሪ ያልፋል። ታንኩ በመጠኑ ያበርደዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያቀዘቅዘውም። ማቀዝቀዣ በሌለው ኮምፕሬሰር፣ በተለይ ያለ እረፍት ሲሠራ፣ ከታንኩ የሚወጡትን የመጀመሪያዎቹን ሜትሮች በእጃችሁ ንኩ። ቶሎ ታነሳላችሁ። ፒፒአር ሙቀቱ 70 ሲጠጋ የሚችለው ግፊት ከግማሽ በታች ይወርዳል። ታዲያ 20 የነበረው 8 አጠገብ ደረሰ ማለት ነው። መተማመኛችን የቱ ጋ ቀረ?

ዋናው ጉዳይ ግን ሙቀቱ አይደለም። ውሃ አይጨመቅም። በ8 ባር የተሞላ የውሃ ቱቦ ሲሰነጠቅ ውሃው ይረጫል፣ ግፊቱ ወዲያው ይሞታል፣ ልብስ ይበሰብሳል፣ አበቃ። አየር ግን የተጨመቀ ሞላ ነው። ሲለቀቅ የተጨመቀውን ሁሉ ይዞ ይወጣል። 500 ሊትር በሚይዝ ታንክ ውስጥ በ8 ባር የተጠራቀመው ጉልበት በስሌት አንድ ቶን የሚመዝን መኪና ወደ 50 ሜትር ከፍታ ያነሳል። ያንኑ ታንክ በ8 ባር ውሃ ብትሞሉት የሚጠራቀመው በብዙ ሺህ እጥፍ ያንሳል። ታንክ በፋብሪካ ሲሞከር ውሃ ተሞልቶ የሚሞከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ቱቦው ይችላል ወይ?» ብቻ አይደለም። ባይችል እንዴት ይሰበራል? ብረት ሲደክም ይቀደዳል ወይም ጥርሱ (እንደ ብሎን የሚጠብቀው መጋጠሚያ) ጋ ያፏጫል። ፒቪሲ የሚባለው ደረቅ ፕላስቲክ እንደ ብርጭቆ ይበተናል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከመሬት በላይ በተዘረጋ የአየር መስመር ላይ ፒቪሲ እንዳይውል ያስጠነቀቀው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ፒፒአር ከፒቪሲ ይሻላል፣ ያን ያህል አይሰባበርም። ግን ሙቀት፣ የኮምፕሬሰር ዘይት ጭጋግና በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባ ፀሐይ ዓመት በዓመት ያደርቁታል። የደረቀ ፕላስቲክ ደግሞ ሳይናገር ነው የሚሄደው።

ሌላም አለ። ፒፒአር ሲሞቅ ይረዝማል። አንድ ሜትሩ በአንድ ዲግሪ 0.15 ሚሊ ሜትር። ትንሽ ትመስላለች። 30 ሜትር መስመር በ30 ዲግሪ ሲሞቅ ግን 13 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆነ። ያ ርዝመት የት ይሄዳል? በማያያዣዎቹ መካከል ይረግባል፣ ሆድ ይሠራል። ሆዱ ውስጥ ውሃ ይተኛል። ወደ ውሃው እመለሳለሁ።

ለአየር ተብለው የሚሠሩ ፕላስቲክ ቱቦዎች የሉም አላልኩም። አሉ። አምራቹ ራሱ ለተጨመቀ አየር ነው ብሎ፣ በስንት ዲግሪ ስንት ባር እንደሚችል ጽፎ ይሸጣቸዋል። መርካቶ ገብታችሁ ሻጩን ይህን ጽሑፍ አሳየኝ በሉት። «ኧረ ይችላል፣ እኔን እመነኝ» ካላችሁ ውሃ ቧንቧ ነው የያዛችሁት።

«ቱቦው ሲጠብ ግፊቱ ይጨምራል»

ጸሐፊው ምሳሌ አቅርበዋል። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ጫፍ ላይ አውራ ጣት ስናደርግ ውሃው ርቆ ይረጫል ይላሉ። እውነት ነው፣ ርቆ ይረጫል። አሁን ባልዲ ደቅኑ። አንዴ ጣታችሁን አድርጋችሁ፣ አንዴ ሳታደርጉ ሙሉት። በጣት የተዘጋው ባልዲውን ለመሙላት ዘለግ ያለ ጊዜ ይወስዳል። ሚስማር መቺው መሣሪያና የጎማ ብሎን መፍቻው የሚፈልጉት ርቆ መረጨትን አይደለም። ባልዲውን ነው የሚፈልጉት።

ጣት ደግሞ ጫፍ ላይ ነው። የጠበበ ቱቦ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠባብ ነው፤ በየሜትሩ ግፊት ይበላል። የሚበላውም በቀላል ሒሳብ አይደለም። ለተመሳሳይ ፍሰት የውስጥ ስፋቱን (ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለውን) በግማሽ ስትቀንሱ የሚጠፋው ግፊት ሁለት እጥፍ አይሆንም፣ 32 እጥፍ ገደማ ይሆናል። እኔ ይህን ቁጥር መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ጊዜ ለአንድ ደንበኛ ባለ 32 ፒፒአር ዘርግቼለታለሁ። አዎ፣ እኔም። «32 ማለት አንድ ኢንች ነው» ብዬ። ባለ አንድ ኢንች ጋልቫናይዝ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) የውስጥ ስፋቱ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 32ቱ የፒፒአሩ የውጭ ልክ ነው። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ውስጡ 21.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስድስት ሚሊ ሜትር ምን ልዩነት አላት ትሉ ይሆናል። የሚጠፋው ግፊት ሦስት እጥፍ ተኩል ሆነ። ሰውየው ሁለት መሣሪያ አንድ ላይ ሲያሠራ አንዱ ይተኛበት ነበር። ኮምፕሬሰሩን ስንወቅስ ከረምን፤ ቺንጋ ቀየርን፣ ቫልቭ ቀየርን። ጥፋቱ ግን ግድግዳው ላይ እኔው የሰቀልኩት ቱቦ ነበር።

መለኪያው ቀላል ነው። አንድ ጌጅ ታንኩ ላይ አለ። ሌላ ርካሽ ጌጅ መስመሩ መጨረሻ ላይ ግጠሙ። ሁሉም መሣሪያ እየሠራ ሁለቱን አንብቡ። እየሠራ የምለው ያለ ነገር አይደለም። አየር ካልፈሰሰ ግፊቱ የትም ቦታ እኩል ነው፤ ሥራ በሌለበት ሰዓት የታየ ጌጅ ሁሌ ደህና ነው ይላል። በደንብ የተዘረጋ መስመር ከታንክ እስከ መጨረሻው ቱቦ ድረስ የሚበላው 0.1 ባር አካባቢ ነው። ማድረቂያውን፣ ፊልትሮውንና የአየር ጎማውን ጨምሮ የሚጠፋው ከታንኩ ግፊት ከአሥር አንድ እጅ ካለፈ አንድ ቦታ ታንቋል። ብዙ ጊዜ የታነቀው መጨረሻ ላይ ነው። ባለ አንድ ኢንች መስመር በሚያምር ሁኔታ ይዘረጋና ጫፉ ላይ ስስ ጎማና በፋሸታ የታሰረ ጠባብ ኩፕሊንግ (ማገናኛ) ይሰቀልበታል።

ኤልቦም (የቱቦ ማጠፊያው) ይቆጠራል። አንዱ ኤልቦ አንድ ሜትር የሚጠጋ ቱቦ እንደ መጨመር ነው። በየምሰሶው እየታጠፈ የሚሄድ መስመር ከሚታየው በላይ ረጅም ነው።

«ከመስመሩ ውሃ ከወጣ ኮምፕሬሰሩ ተበላሽቷል»

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ከዚያ ስንት ሰው በዚህ ምክር ደህና ኮምፕሬሰር እንዳስፈታ ሳስብ ሳቁ ቀረ።

ውሃው ከኮምፕሬሰሩ አይደለም። ከጅማ ሰማይ ነው። ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። ክረምቱ ረጅም ነው፤ በጋ በምንለውም ወቅት ብቅ እያለ ያረጥበናል። ልብስ ለሦስት ቀን ተሰጥቶ የማይደርቅበት አገር ነው። ያ ልብሱን አላደርቅም ያለው አየር ነው ኮምፕሬሰሩ የሚስበው።

እንቁጠረው። አየሩ 22 ዲግሪ ቢሆንና እርጥበቱ 70 በመቶ ቢሆን፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 13 ወይም 14 ግራም ውሃ አለ። በደቂቃ አንድ ሜትር ኩብ የሚስብ መካከለኛ ኮምፕሬሰር በሰዓት 60 ሜትር ኩብ ይስባል። ያ ከ800 ግራም በላይ ውሃ ነው። አየሩን ስንጨምቀው ቦታው በጣም ይጠብና ያንን ሁሉ ውሃ መሸከም ያቅተዋል። አየሩ እስከ 30 ዲግሪ ከቀዘቀዘ በኋላ ከ600 ግራም በላይ ውሃ ይጥላል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ከሠራ 5 ሊትር ሆነ። አንድ ጀሪካን። ኮምፕሬሰሩ ደግሞ ምንም አልሆነም፣ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው።

ጥያቄው ይህ ጀሪካን የት ይውረድ የሚለው ነው። ታንኩ ሥር፣ ወይስ የደንበኛ አልጋ ላይ?

አልጋ ያልኩት በምክንያት ነው። ጅማ የእንጨት አገር ናት። ባለ ሦስት እግር በርጩማዋን የማያውቅ የለም፤ ዛሬ ደግሞ አልጋውም ቁም ሳጥኑም በስፕሬይ ነው የሚቀባው። በአንድ ክረምት አንድ ባለሙያ ወዳጄ ለሠርግ የታዘዘ አልጋ ቫርኒሽ ሲቀባ ጠራኝ። ራስጌው እንደ ወተት ነጥቷል። ጎኑ ላይ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ ነጠብጣብ ሞልቷል። ቫርኒሽ ሻጩን እየረገመ ነበር። ኮምፕሬሰሩ ጋ ሄጄ የታንኩን ማፍሰሻ ከፈትኩት። የቡና ወተት የመሰለ ውሃ ሲንዶለዶል ሳይቆም ቆየ። መቼ ነው ያፈሰስከው ስለው «ይፈሳል እንዴ?» አለኝ። ሠርጉ እሑድ ነበር። ዓርብ ማታ ጠርገን፣ ፍቀን፣ እንደገና ቀባነው።

ማፍሰሻው በየቀኑ ይከፈታል። በክረምት ጠዋትና ማታ። አቅም ካለ ራሱን የሚከፍት ማፍሰሻ አለ። ይህ ምንም ብር የማይጠይቀው ክፍል ነው።

ቀጥሎ ዝርጋታው ይመጣል። የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ዋናውን መስመር በውሃ ልክ ቀጥ አድርጎ ይሰቅላል፣ ሥራውም ያምራል። ለአየር ግን መስመሩ ዘቅዘቅ ማለት አለበት። በሜትር አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ አየሩ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ መጨረሻው ላይ ማፍሰሻ ይዞ። ወደ መሣሪያ የሚወርደው ቅርንጫፍ ደግሞ ከዋናው ቱቦ ሆድ፣ ከታችኛው ጎኑ፣ አይወጣም። ከጀርባው ወደ ላይ ይወጣል፣ ዞሮ ይወርዳል። ውሃ የሚሄደው በሆድ ነው። ከሆድ የቀጠላችሁ እንደሆነ ውሃውን በቀጥታ ወደ ስፕሬዩ ልካችሁታል ማለት ነው። ከወረደም በኋላ መሣሪያው ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ አይቀጠልም፤ ከጎኑ ይቀጠላል፣ ጫፉ ከነቫልቩ ወደ ታች ተርፎ የውሃ ኪስ ይሆናል።

ለጎሚስታ ይህ ይበቃዋል። የመኪና ጎማ ጥቂት እርጥበት አይገድለውም። ለስፕሬይ ቀለም ቢያንስ ጥሩ ፊልትሮ፣ የሚቻል ከሆነ ድራየር (አየር ማድረቂያ) ያስፈልጋል። ቡና በቀለም ለሚለይ ማሽን ግን ድርድር የለም። ያ ማሽን መጥፎዋን ፍሬ በካሜራ ያያትና በአየር ምት ከመንገድ ያስወጣታል። ምቷን የሚሰጡት ጥቃቅን ቫልቮች በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ዝገት ወይም ዘይት የገባባቸው ቀን ጥሩው ቡና ከመጥፎው ጋር ይሄዳል። ቡና ደግሞ ሽታ ይስባል። የኮምፕሬሰር ዘይት የነካው አየር ቡና ላይ እየተነፋ ነው ብላችሁ ቀማሹ ፊት ቁሙ እስቲ። አየር በማቀዝቀዝ የሚያደርቀው የተለመደው ድራየር አየሩ እስከ 3 ዲግሪ ካልቀዘቀዘ በቀር ውሃ እንዳይጥል ያደርገዋል። ጅማ ደግሞ የፋብሪካ ጣሪያ ሥር 3 ዲግሪ አይገባም። ስለዚህ ውሃው አለቀ ማለት ይቻላል።

«አየር አይገዛም»

አየር አይገዛም። የጨመቀው መብራት ግን ይገዛል።

ሊክ ውሃ ቢሆን ኖሮ ወለሉ ረጥቦ፣ ሰው አዳልጦት፣ አለቃ ተቆጥቶ በማግስቱ ይዘጋ ነበር። አየር ግን ምንም ዱካ አይተውም። በ6 ወይም 7 ባር ላይ ያለች 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ ከክብሪት እንጨት ብዙም አትወፍርም፣ በሰከንድ 10 ሊትር ገደማ አየር ታስወጣለች። ያንን ለመተካት ኮምፕሬሰሩ ወደ 3 ኪሎ ዋት ይጨምራል። መስመሩ ሌሊትም ክፍት ሆኖ ኮምፕሬሰሩ ካደረ፣ በዓመት ከ26,000 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። ይህን በራሳችሁ የመብራት ደረሰኝ ላይ ባለው ዋጋ አባዙት። እኔ ከምነግራችሁ ራሳችሁ ብታሰሉት ይሻላል፣ ያማል።

የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር ክትትል በሌለበት ፋብሪካ ኮምፕሬሰሩ ከሚያመርተው ከ20 እስከ 30 በመቶው በሊክ ሊባክን እንደሚችል ይናገራል። የኛዎቹን ለማወቅ ሰዓት ብቻ ይበቃል። ሠራተኛ ከወጣ በኋላ መሣሪያ ሁሉ ይዘጋ፣ ኮምፕሬሰሩ ብቻ ይቅር። ምንም የሚጠቀም ስለሌለ ሞልቶ ዝም ማለት ነበረበት። እየተነሳ ከጮኸ ለሊኩ ነው የሚሠራው። ስንት ደቂቃ ሠራ፣ ስንት ደቂቃ ዝም አለ ብላችሁ ጻፉ። 2 ደቂቃ ሠርቶ 6 ደቂቃ ካረፈ፣ ከ8ቱ 2ቱ ማለትም ከአቅሙ 25 በመቶው በቀዳዳ እየሄደ ነው።

ቦታውን ለማግኘት የሳሙና ውሃና የቀለም ብሩሽ ይዤ ነው የምዞረው። ከሳሙናው የሚበልጥ ግን ጅማ በነጻ ትሰጠናለች፤ መብራት ሲጠፋ። ያን ጊዜ መጋዙ ይቆማል፣ ፋኑ ይቆማል፣ ሰው ሁሉ ስልኩን ያወጣል። ታንኩ ግን ገና ሙሉ ነው። እኔ ስልኬን አስቀምጬ በመስመሩ ሥር እሄዳለሁ። እዚህ ሽ፣ እዚያ ፊሽ ይላል። በኖራ ምልክት አደርጋለሁ። አንድ ቀን 20 ደቂቃ በጠፋ መብራት 14 ቦታ አገኘሁ። አሥሩ ኩፕሊንግና ጎማ ነበሩ። የብረት ቱቦው ላይ የተገኘው አንድ ብቻ ነው፤ ሦስቱ የጥርስ መጋጠሚያ ላይ ነበሩ። ቴፍሎኑ ተቃራኒ ዞሮ የተጠቀለለበት።

«ግፊት ካነሰ ጌጁን ከፍ አድርጉ»

የጠበበው ቱቦና ሊኩ ሳይነኩ ጌጁን ከፍ ማድረግ ትኩሳት ያለበትን ሰው ብርድ ልብስ እንደ መደረብ ነው። በአንድ ባር በጨመራችሁ ቁጥር ኮምፕሬሰሩ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ኃይል ይበላል። ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ በየቀዳዳው የሚወጣውም አብሮ ይጨምራል።

ጅማ ላይ ሌላ ነገርም አለ፤ ጸሐፊው አልነኩትም። ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነን። አየራችን ስስ ነው። የከባቢው ግፊት 0.82 ባር አካባቢ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ አየርን በጌጅ 7 ባር ለማድረስ 8 እጥፍ መጨመቅ ነው። እዚህ ያንኑ 7 ለማንበብ 9 እጥፍ ተኩል መጨመቅ ይጠይቃል። ለዚህ ነው ካታሎግ ላይ የተጻፈው አቅም ጅማ ሲደርስ የሚያንሰው፣ ጭንቅላቱም ይበልጥ የሚግለው። ገዝታችሁ ያመጣችሁት ኮምፕሬሰር ጅማ ላይ ቀድሞውኑ ዳገት እየወጣ ነው። ጌጁን ከፍ ማድረግ ዳገት ላይ ጭነት መጨመር ነው።

«አሉሚኒየም የሀብታም ጌጥ ነው»

እዚህ ጋ ግማሽ መንገድ አብሬ እሄዳለሁ። አንድ ኮምፕሬሰርና ሁለት መሣሪያ ላለው ጋራዥ አሉሚኒየም መስመር አልመክርም። እንዲያውም መስመር ራሱ ላያስፈልገው ይችላል፤ ጥሩ ጎማ ይበቃዋል። ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ መጋጠሚያ ቢሰበር ጅማ ላይ ቶሎ አይገኝም።

ጌጥ ግን አይደለም። ውስጡ ለስላሳ ነው፣ አይዝግም፣ ያለ ጥርስና ያለ ብየዳ ይጋጠማል፣ ማሽን ሲዛወር ተፈትቶ ይዛወራል። በ2011 ዓ.ም. እንደተመረቀው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለ ሼድ ውስጥ፣ የማሽን አሰላለፍ በየጊዜው ሊቀያየር በሚችልበት፣ ዋጋውን ይመልሳል።

በመካከል ላሉት፣ ማለትም ለአብዛኞቻችን፣ የእኔ ምርጫ አሁንም ብረት ነው። ጥቁር ብረት በጥሩ ብየዳ፣ ወይም ጋልቫናይዝ ጥርሱ በሥርዓት ወጥቶ። ጋልቫናይዝ ግን የዕድሜ ልክ ነው የሚሉትን አትስሙ። ጥርስ ሲወጣ ዚንኩ እዚያ ቦታ ይላጣል፤ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። የተላጠው ቅርፊት ከአየሩ ጋር እየሄደ ቫልቭ ውስጥ ይቀመጣል። መድኃኒቱ የቱቦው ዓይነት ላይ ብቻ አይደለም። አየሩን ወደ መስመሩ ከመግባቱ በፊት ካደረቃችሁት ብረቱ የሚዝግበት ውሃ አያገኝም። ድራየር የገዛ ሰው ቱቦውንም አብሮ ገዝቷል። የቡና ማበጠሪያ ከሆነ ደግሞ ከድራየሩ በኋላ እስከ ማሽኑ ያለችውን አጭር መንገድ ስቴንለስ አድርጉልኝ። አጭር ናት፣ አትጎዳም።

ቱቦውን ሰፋ አድርጉ። ከአንድ ኢንች ወደ አንድ ተኩል ሲኬድ የሚጨምረው የዕቃ ዋጋ ነው። የእጅ ዋጋው ያው ነው። ቦታው ከፈቀደ ዙሪያውን ዞሮ የሚገናኝ ቀለበት አድርጉት፤ አየሩ በሁለት በኩል ይደርሳል። በየቅርንጫፉ ቦል ቫልቭ ይኑር፤ አንድ ጎማ ሲፈነዳ ፋብሪካው ሁሉ እንዳይቆም።

«በዓመት አንዴ ማየት ይበቃል»

አይበቃም። ማፍሰሻ በየቀኑ፣ ጎማና ኩፕሊንግ በየሳምንቱ በጆሮ፣ የሊክ ሰዓት በየወሩ፣ ፊልትሮ ደግሞ ከፊቱና ከኋላው ባለው የጌጅ ልዩነት። የታንኩ የደህንነት ቫልቭ ደግሞ መተንፈስ አለመተንፈሱ ይታይ። ስለሚያስጮህ ብላችሁ በብሎን እንዳትዘጉት። ዘግተውት ያገኘሁ ጊዜ አለ።

«ስድስት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፣ ምንም አልሆነም»

ለዚህ የምመልሰው ስሌት የለኝም። አምናቸዋለሁም። ስድስት ዓመት ምንም አልሆነ ይሆናል።

አንድ የማውቀው የእንጨት ሥራ ቤት አለ። ባለቤቱ ታላቄ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። መስመራቸው ፒፒአር ነበር፤ እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው የዘረጋላቸው። እንቀይረው ባልኳቸው ቁጥር «ልጄ፣ ይኸው አምስተኛ ዓመቱ፣ ምን ሆነ?» ይሉኛል። ውሸት አልነበረም። ምንም አልሆነም ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ልጆቹ ወጥ ቤቱ ጋ ተሰብስበው እያለ፣ ከታንኩ ሦስተኛው ኤልቦ ፈነዳ። ሰፈሩ ጎማ ፈነዳ ብሎ ወጣ። የኤልቦው ቁራጭ ቀለም እየጠበቀ የቆመ የቁም ሳጥን በር ውስጥ ገብቶ ተሰክቶ ነበር። ከወለሉ ልክ በሰው ደረት ቁመት ላይ። ከበሩ ፊት ለፊት የስፕሬይ ቀቢው ልጅ ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ አለ፤ ሲሚንቶው ላይ የእግሩ ዱካ በቀለም ታትሟል።

በማግስቱ ጠሩኝና ብረት ዘረጋሁላቸው። ለደንበኛው ሌላ በር ሠሩለት። ያኛውን አልጣሉትም፤ ኮምፕሬሰሩ አጠገብ፣ ከነቁራጩ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጸሐፊው ጅማ ካሉ ወስጄ ላሳያቸው ፈቃደኛ ነኝ።